የአባባ ይመር ሰባት ጫማ

ዛሬ ጠዋት ሸዋሮቢትን አልፌ ጀውሃ ወረድኩ። ተኝቼ ቢሆን ኖሮ ሰበብ ነበረኝ። አልተኛሁም፤ ዓይኔን አፍጥጬ፣ አእምሮዬን እያሠራሁ ነው ያለፍኳት።

ሚኒባሱ ከጣርማ በር ቁልቁል ተጠማዝዞ ቆላው ላይ ሲደርስ ሹራቤን አወለቅኩና በመስኮት ማየት ጀመርኩ። ረዳቱ «ሮቢት ወራጅ!» ብሎ ጮኸ። አየሁ። ፎቅ አለ። ከፎቁ ሥር ባንክ አለ፤ ከባንኩ አጠገብ ሌላ ባንክ አለ። ባጃጁ መንገዱን ሞልቶታል። እኔ የማውቃት ሮቢት ፎቅ የላትም፤ ይቺ አላት፤ ስለዚህ ይቺ ሮቢት አይደለችም።

«አባት፣ ሮቢት ነው አላሉም እንዴ?» አለኝ ረዳቱ።

«አዎ። ስንደርስ ትነግረኛለህ።»

«ደርሰናል እኮ!»

«ልጄ፣ እኔ እዚህ አገር ነው የተወለድኩት።»

ረዳቱ በሩን ዘጋው። እኔም ልጁ ሥራውን ገና አልለመደም ብዬ አዘንኩለትና ተደላድዬ ተቀመጥኩ።

ጀውሃ ስንደርስ ረዳቱ አልሳቀብኝም። ያናደደኝም አለመሳቁ ነው። ቦርሳዬን ይዞ፣ እኔን እንደ ታማሚ ደግፎ አወረደኝና «እዚህ ጋ ይቁሙ አባት፤ የሚመልስዎት መኪና አሁን ይመጣል» አለኝ። ቆምኩ። አጠገቤ አንድ ትልቅ መኪና ሽንኩርት ይጭናል። ጆንያው ተወርውሮ ባረፈ ቁጥር ቅርፊቱ ይበናል፤ ከሥር የተደረደረው ደግሞ አንድ የማውቀው ሽታ ይለቃል። አፈሩ በደንብ ያልተራገፈለት፣ ትናንት ውሃ የጠጣ ሽንኩርት ሽታ ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ። እንባው የሽንኩርቱ ነው እንጂ የትዝታ አይደለም፤ ትዝታው ትንሽ ቆይቶ ነው የመጣው።

ያን በጋ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ በደሴ መንገድ በጭነት መኪና ረዳትነት ስለሚሠራ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ከሮቢ ወንዝ በተጠለፈው ቦይ ዳር የነበረችንን ማሳ የምታርሰው፣ የምትኮተኩተውና የምትጨነቅባት እናቴ ነበረች። ሽንኩርት ነበር የተከለችው። በቦዩ ውሃ የሚጠቀመው ሰው ብዙ፣ ውሃው ጥቂት ስለሆነ ተራ ነበረው። የእኛ በአምስት በአምስት ቀን ይደርሳል። በዚያ ቀን ጠዋት ፀሐይ ከወጣችበት ጀምሮ ውሃው የእትዬ ዘሀራ ነው። እትዬ ዘሀራ ከበላያችን ያሉት ጎረቤታችን ናቸው። ከዚያ ወደ እኛ ይዞርና እስከ ቀትር የእኛ ይሆናል።

ታዲያ የሚዞረው መቼ ነው? ሰዓት የሚባል ነገር በቦዩ ዳር አልነበረም። የነበረው ጥላ ነው። አንድ ሰው ለፀሐይዋ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። የጭንቅላቱ ጥላ ጫፍ የደረሰበት ላይ ጠጠር ይቀመጣል። ከዚያ ሰውየው ከቆመበት ተነሥቶ ተረከዙን ከጣቱ እያገጣጠመ፣ በገዛ እግሩ እስከ ጠጠሩ ይለካል። ረፋዱ እየገፋ ሲሄድ ጥላ ያጥራል። ሰባት ጫማ ብቻ ሲቀረው የእትዬ ዘሀራ ቦይ ይደፈናል፤ የእኛ ይከፈታል። ሕጉ ይሄ ነበር፤ ማን እንዳወጣው የሚያውቅ አልነበረም።

የሚለኩት አባባ ይመር ናቸው። የውሃ አባት ይባሉ ነበር። እኔ በጣም ልጅ ሳለሁ ውሃውን የወለዱት መስሎኝ ነበር፤ ለዚህ ነው የሚታዘዛቸው ብዬ አስቤ ጨርሼ ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም «የውሃው እናትስ ማን ናት?» ብዬ ጠይቄያቸው ዶማቸውን ተደግፈው ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሽማግሌ ነበሩ። የግራ እግራቸው ጣቶች የሉም። በወጣትነታቸው ቦይ ሲጠርጉ የገዛ ዶማቸው ነው የወሰደባቸው። ለመለካት ሲሉ የጎማ ጫማቸውን ያወልቁና ያ ጣት የሌለው እግር ይወጣል፤ ለእኛ ለልጆቹ የሚያስፈራ አልነበረም፤ ለምደነዋል። መጀመሪያ በቀኝ እግራቸው እየረገጡ «ቢስሚላህ» ይላሉ። ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ይቀጥላሉ። «ሰባት» ሲሉ የትልቁ ጣት ወይም የጉንድሹ ጫፍ ጠጠሩን ከነካ ዶማቸውን ያነሣሉ። ካልነካ «ገና ነው» ይሉና ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ።

ጠጠሩን የምታስቀምጥላቸው ፋጡማ ነበረች። የእትዬ ዘሀራ ልጅ ናት፤ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል እንማራለን። አፏ አያርፍም።

በዚያ ዓመት ከደጋ አዲስ መምህር መጣልን። መምህር ወንድሙ ይባላል። በጣርማ በር ዋሻ ውስጥ አልፎ እንደመጣ ሲያወራ ሰምቼ አንድ ነገር አሰብኩ። ዋሻ ውስጥ ጨለማ ነው፤ ጨለማ ውስጥ ጥላ የለም፤ ታዲያ በዋሻ ያለፈ ሰው ጥላው የት ይሄዳል? እዚያው ይቀራል ማለት ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ መምህሩን ተከታተልኩ። እውነትም ጥላ አልነበረውም! በረፍት ሰዓት፣ በሰልፍ ሰዓት፣ መቼም አላየሁለትም። ለፋጡማ በምስጢር ነገርኳት።

«ሙቀቱን አልቻለውማ!» አለችኝ። «ከጣሪያው ሥር ወጥቶ ያውቃል? ፀሐይ ላይ ጎትተው፤ ጥላው ይመጣልሃል።»

መምህሩን መጎተት አልቻልኩም እንጂ ነገሩ እዚያ ላይ ሊበቃኝ ይገባ ነበር።

መምህር ወንድሙ ከሌሎቹ የሚለየው አንድ ነገር ነበረው። በቃል አጥኑ አይልም፤ አስቡ ነው የሚለው። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ሦስት መስመር ጻፈ። እንስሳ ሁሉ ይተኛል። ግመል እንስሳ ነው። ስለዚህ ግመል ይተኛል።

«ግመል ሲተኛ ያየ አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ማንም እጁን አላወጣም። ከበረሃ ጨው ጭነው ሲያልፉ እናያቸዋለን፤ ሲተኙ ያየ ግን አልነበረም።

«አያችሁ፣ ሳታዩትም አወቃችሁት! ዓይናችሁ ያልደረሰበት አእምሯችሁ ይደርሳል።»

ፋጡማ ተነሣች። «ጋሼ፣ የአጎቴ ግመል ትንበረከካለች እንጂ ተኝታ አይተናት አናውቅም። ዓይኗ ሁልጊዜ ክፍት ነው።»

«ትተኛለች፤ አላያችኋትም እንጂ።»

«እንግዲያው ሄደን እንያታ!»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እኔ ያቺን «ስለዚህ» የምትል ቃል እያየኋት ነበር። ሁለት ነገር ይዘህ ትገባለህ፤ በእሷ በኩል ስትወጣ ሦስተኛ ነገር በእጅህ አለ። ከቤት ሳትወጣ፣ ፀሐይ ሳትነካህ፣ ማንንም ሳትጠይቅ። እንደኔ ላለ ሰነፍ ከዚህ የተሻለ ምን ይመጣል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሰላም አጣ። «እናቴ፣ ድመቷ ወተት ትወዳለች፤ ወተቱ ጎድሏል፤ ስለዚህ የጠጣችው ድመቷ ናት» እላለሁ፤ አፌ ዙሪያ ወተት አለ። «ትናንት ታጥቤያለሁ፤ ከትናንት ወዲህ ጭቃ አልነካሁም፤ ስለዚህ ንጹሕ ነኝ።» እናቴ አንድ ቀን መጥረጊያ አንሥታ «ያንን ስለዚህህን ይዘህ ከቤቴ ውጣልኝ!» አለችኝ። ሰፈሩም ሰማ። ልጆቹ ስሜን ትተው «ስለዚህ» ይሉኝ ጀመር። እንደ ማዕረግ ነው የቆጠርኩት።

ጥር ሲጋመስ ሙቀቱ በረታ፤ ወንዙ ቀጠነ። የሽንኩርታችን ጫፍ ቢጫ ማለት ጀመረ። እናቴ ማታ ማታ ከሽንኩርቱ ሌላ ወሬ አልነበራትም። «ውሃው አይደርሰንም፤ ገና ትልሙ ሳይጠጣ ቀትር ይሆናል» ትላለች። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ አሰብኩ። ሕጉ ሰባት ጫማ ነው። አባባ ይመር «ሰባት» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከሰባቱ ሦስት አራቱን የሚረግጡት ጣት በሌለው እግር ነው። ጣት የሌለው እግር ከሙሉ እግር ያጥራል። ስለዚህ የእሳቸው ሰባት ጫማ ከእውነተኛው ሰባት አንድ ጫማ ያህል ያንሳል። ጥላው እዚያ ድረስ እስኪያጥር ይቆያሉ። ስለዚህ ውሃውን አዘግይተው ነው የሚለቁልን። ስለዚህ የእኛ ውሃ እየተበላ ነው!

ሦስት «ስለዚህ» በአንድ ጊዜ። እንቅልፍ አልወሰደኝም አልልም፤ እንዲያውም በጣም ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ለእናቴ ስነግራት መጀመሪያ «አፍህን ያዝ! አባባ ይመር ሊሰርቁ?» አለች። ቀጥላ «እስቲ ድገመው» አለች። እናቴ ያቺን ቃል መጥላት ያቆመችው ያኔ ነው።

የቦዩ ሰዎች ሐሙስ ከሰዓት በቁርቁራው ዛፍ ሥር ይሰበሰቡ ነበር። እናቴ ይዛኝ ሄደች። «ልጁ የሚለው አለው» ብላ ወደ ፊት ገፋችኝ። ተናገርኩ። ድምፄ ሲቀጥን ትዝ ይለኛል፤ ሐሳቡ ግን አልተንገዳገደም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዷን መስመር አልሳትኩም። ሰዎቹ መጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ ዓይናቸው ቀስ እያለ ወደ አባባ ይመር ግራ እግር ወረደ። ሃያ ዓመት ያዩት እግር ነው። የዚያን ቀን ገና አዲስ ሆነባቸው።

አባባ ይመር እግራቸውን አልሰበሰቡም። «ስንት ቀን ቆመህ አየኸኝ?» አሉኝ።

«አላየሁም አባባ።»

«እህ! በምን አወቅህ?»

«በማሰብ።»

አንዱ ገበሬ «ወላሂ ይሄ ልጅ ዳኛ ይሆናል!» አለ። አንዳንዶቹ ሳቁ። እትዬ ዘሀራ ብቻ «እኔ የሰው ውሃ በልቼ አላውቅም» ብለው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

«ምን ይሁን ነው የምትለው?» አሉ አባባ ይመር አሁንም ወደ እኔ።

«አንድ ይጨመር። ስምንት ሲቆጥሩ ይልቀቁ።»

ዙሪያውን አዩ። ከሰዎቹ መካከል አንድ ሰው እንኳ «እስቲ አንቱስ ምን ይላሉ?» አላላቸውም። ዶማቸውን አንሥተው ቆሙ። «ጉባኤው ስምንት ካለ ስምንት ነው» አሉና ሄዱ። እኔ እንደ ተሸነፈ ሰው አየኋቸው። አካሄዳቸው ዘገም ያለ ነበር፤ ያም ማስረጃ መሰለኝ።

በሚቀጥለው ተራችን ውሃው ቀድሞ መጣ። ሩብ ሰዓት ያህል ነው ልዩነቱ። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ውሃ ትልሙን የሚጨርሰው በመጨረሻ ነው፤ ሩብ ሰዓት ማለት ጭራው ላይ ያሉት ትልሞች ናቸው። የእኛ ጭራ ጠጣ። እናቴ ዘፈነች። በሁለተኛው ተራ ሽንኩርታችን ቀና። በሦስተኛው እናቴ ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ በማሰብ ያመጣው ውሃ» እያለች ታሳይ ጀመር።

ከበላያችን፣ በእትዬ ዘሀራ ማሳ ጭራ ላይ ያሉት ሁለት ትልሞች የፋጡማ ነበሩ። እናቷ ናቸው የሰጧት። ከዚያ በሚወጣው ሽንኩርት ለትምህርት ቤት መንገድ ጥቁር ጃንጥላ ልትገዛ ነበር፤ ክፍሉ ሁሉ ያውቃል፤ ስለ ጃንጥላው እጀታ ሳይቀር ትነግረን ነበር። ከሁለተኛው ተራ በኋላ ስለ ጃንጥላው ማውራት ተወች። እኔ ይህንን ልብ ብያለሁ፤ ግን ከሁለት ነገር ሦስተኛ ማውጣቱን ያን ጊዜ ረሳሁት።

በአራተኛው ተራ ጠዋት ፋጡማ እቤታችን ድረስ መጣች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ ጆሮዬን ይዛ ጎተተችኝ።

«ልቀቂኝ! ምን ሆነሻል?»

«ና እይ። ዛሬ እንኳን በዓይንህ እይ።»

ቦዩ አፍ ላይ ደረስን። አባባ ይመር ለክተው ጨርሰው ዶማቸውን ለማንሣት ጎንበስ ብለዋል። «አባባ፣ ውሃውን ትንሽ ያቆዩት፤ በአላህ!» አለቻቸው። ቀና ብለው አዩንና ዶማቸውን ተደግፈው ቆሙ። እርጥቡ መሬት ላይ የእግራቸው አሻራ ተደርድሯል። ሁልጊዜ ውሃው ሲለቀቅ የሚያልፈው በዚያ ላይ ስለሆነ ጠርጎት ይሄዳል፤ ከፋጡማ በቀር ልብ ብሎ ያየው አልነበረም።

«ቁጠር» አለችኝ።

ቆጠርኩ። ሙሉ እግር፣ ጎደሎ እግር፣ ሙሉ እግር፣ ጎደሎ እግር። ዘጠኝ ነው። ደግሜ ቆጠርኩ። ዘጠኝ።

«ስምንት ነው የተባለው» አልኩ።

«ስምንት ነው የቆጠሩት። ቢስሚላህ ሲሉ የረገጧትስ?»

ወደ መጀመሪያዋ አሻራ ተመለከትኩ። ቀኝ፣ ሙሉ፣ አምስቱም ጣት ቁልጭ ብሎ። እኔ በሒሳቤ ውስጥ አላስገባኋትም ነበር። ጸሎት ናት፤ ጸሎት ቁጥር አይደለም፤ ብዬ አልፌያታለሁ። እንዲያውም ብዬ እንኳ አላለፍኳትም፤ ሳላስባት ነው ያለፍኳት።

እዚያው ቁጭ ብዬ በስንጥር መሬት ላይ ማስላት ጀመርኩ። ጎደሎውን አሻራ ከሙሉው ጋር በስንጥሩ ለካሁት፤ የሚያንሰው ሩብ ነው። ዱሮ ሰባት ሲቆጥሩ የሚረግጡት ስምንት ነበር። ከስምንቱ አራቱ በግራ። በእያንዳንዱ ሩብ ይጎድላል። አራት ሩብ አንድ። ከስምንት አንድ ሲቀነስ ሰባት። ልክ ሰባት! ጸጉር አይበልጥም፣ ጸጉር አያንስም። ሃያ ዓመት ሙሉ ውሃው የተለቀቀው በትክክለኛው ሰባት ጫማ ነው። የተሳሳተው እኔ የጨመርኩት አንድ ነው።

ጭንቅላቴን ቀና ሳደርግ አባባ ይመር ከላዬ ቆመው ስንጥሩን ያያሉ።

«ደረስክበት?» አሉኝ።

«ያውቁ ነበር እንዴ?»

«እግሬ አይደል?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ። አልተቆጡም። ስለ አየሩ ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ነው የተናገሩት። «አንተ ብቻህን አስበህ መጣህ። እነሱም ሰምተው ወሰኑ። እኔ ልጠየቅ ቆሜ ነበር።»

ፋጡማ «ቢስሚላህንስ ለምን ከቁጥሩ አወጧት?» አለቻቸው።

ግራ እግራቸውን አነሣ አድርገው አዩት። «ሙሉ እግር የሰጠኝ አላህ ነው። አንድ ጫማ ጎደለ። የጎደለውን በሱ ስም እሞላና ከአንድ እጀምራለሁ። ለሰዉ አንድ ለኔ ሁለት እያልኩ ስቆጥር እንዳልምታታ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ፈገግ ሳይሉ፣ «ስለዚህ» አሉ።

ያ ቃል እንደ ስም ሳይሆን እንደ ፍርድ በእኔ ላይ ሲነገር የሰማሁት ያኔ ነው። ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ሽማግሌው አንድም ቀን ትምህርት ቤት አልገቡም። እኔ በአፌ የያዝኩትን ማሰብ እሳቸው በእግራቸው ጨርሰውት ነበር፤ አሻራውንም ውሃ ሲያጥበው ምንም አልመሰላቸውም። እኔ ግን እምነት ያልኩትን ጥዬ፣ ሒሳብ ያልኩትን ይዤ መሄዴ ሒሳቡን ጥሎ መሄድ ሆነብኝ።

ለመምህር ወንድሙ ነገርኩት። ከጣሪያው ሥር እንደቆመ ጨርሶ አዳመጠኝ። «አካሄድህ ላይ ምንም ስህተት የለም» አለ። ትንሽ ደስ አለኝ። «ሰባት ነው የሚረግጡት የሚለውን ግን ከየት አመጣኸው?»

«ሁሉም ሰው ያውቀዋላ።»

«እህ» አለ፤ ጠመኔውን በጣቶቹ መካከል እያሽከረከረ። «ሁሉም ሰው ያውቀዋል።» በማግስቱ ክፍሉን በሙሉ ይዞ የፋጡማ አጎት ግመል ወዳለችበት ወሰደን። ከሰዓቱን ሙሉ ጠበቅናት። አልተኛችም። መምህሩ ፊቱ በፀሐይ ቀልቶ ተመለሰ፤ ጥላው ከኋላው ይከተለው ነበር።

ሐሙስ ከቁርቁራው ሥር ቆምኩ። በዚህኛው ቀን የገፋኝ የለም፤ እናቴም «እኔ አልሄድም፤ አንተ ያመጣኸው ነው» ብላ ቀርታለች። ለመናገር የመጣሁት ስህተቴን ነው፤ አፌ ግን ስለ አካሄዴ ትክክለኛነት ጀመረ። «ሒሳቡ ልክ ነበር፣ መነሻው ብቻ ነው...» ስል ፋጡማ ከሴቶቹ መካከል «ተሳሳትኩ በል!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ተሳሳትኩ» አልኩ።

ወደ ሰባት ይመለስ ተባለ። ተመለሰ። እትዬ ዘሀራ «የልጄ ሁለት ትልም ደርቋል። ማን ይተካል?» አሉ። አባባ ይመር ትንሽ አሰቡ። «አራት ተራ፣ ሩብ ሩብ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ውሃ ነው። ልጁ ራሱ ዶማ ይዞ የፋጡማን ትልም አንድ ሰዓት ያጠጣል። ከእናቱ ተራ።» ተስማሙ። እኔም ተስማማሁ፤ በሚቀጥለው ተራችን እንድከፍል ተቀጠረ። ከዚያ በፊት ግን የበልግ ዝናብ ሳይታሰብ መጣና ወንዙ ሞልቶ ግድቡን ጠረገው። ሁሉም ማሳ ጠጣ። የፋጡማ ሁለት ትልሞች ግን ዝናቡ የደረሰላቸው ከሞቱ በኋላ ነው። ጃንጥላው አልተገዛም።

አባባ ይመርን ሰው ይቅርታ ጠይቋቸዋል፤ እሳቸውም ይቅር ብለዋል። ሆኖም አንድ ነገር እንደ ነበረ አልተመለሰም። ግድቡ ተጠግኖ ውሃ ሲጀመር፣ ሊለኩ ሲቆሙ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ሰው አጠገባቸው ይቆም ነበር። ክፉ አስበው አይደለም። ከንፈራቸው ከሳቸው ጋር ይንቀሳቀሳል፤ ዓይናቸው እግራቸው ላይ ነው። እሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መቁጠር ጀመሩ። ዝቅ ያለ ድምፅ የነበራቸው ሰው ናቸው። ከቦዩ ማዶ ሆኜ እሰማቸው ነበር።

ጀውሃ ቆሜ የጠበቅኩት መኪና መጣና ሮቢት ወረድኩ፤ ፎቋን ሳላይ። ወደ ፋጡማ ነበር የምሄደው። «ማንጎው ደርሷል፤ ሳትሞት ናና ብላ» ብላ ስልክ ደውላልኝ ነው። የልጅ ልጆች አድርሳለች፤ አፏ ግን እንዳለ ነው። ስለ ጀውሃው ስነግራት ከመቀመጫዋ ልትወድቅ ነበር። ማንጎ በላን። ስለ አባባ ይመር ስንጫወት ቆይተን እኔ እንደ ዋዛ «ያቺ አንድ ሰዓት ውሃ ሳትከፈል ቀረች አይደል?» አልኩ። ይህን ማለት አልነበረብኝም።

ተነሥታ ዶማ አመጣች።

«ፋጡማ፣ እኔ እኮ ሽማግሌ ነኝ።»

«እኔስ ኮረዳ ነኝ? ሽንኩርቱ ያው። የውሃ ሞተሩን አስነሣለሁ።»

ሱሪዬን ሰብስቤ ገባሁ። ሞተሩ ያጓራል፤ ውሃው እንደ ዱሮው እየተለመነ አይመጣም፤ ይደፋል። አንዱን ትልም ስደፍን ሌላውን ይጥሳል። ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ወገቤ ተናገረ። እሷ ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስልኳን እያየች ነበር።

«ስንት ሆነ?» አልኩ።

«ሃያ ደቂቃ።»

ዶማውን ተደግፌ አሰብኩ። «ስሚ። ይሄ ውሃ በሞተር ነው የሚመጣው፤ የዱሮው በቦይ ነበር። የሞተር ውሃ ከቦይ ውሃ ሦስት እጥፍ ይፈጥናል። ስለዚህ የዛሬው ሃያ ደቂቃ የያኔው አንድ ሰዓት ነው። ተከፍሏል!»

ቀና ብላ አየችኝ። «ሦስት እጥፍ ነው?»

«ነው።»

«ለክተኸዋል?»

አልለካሁትም። ወገቤም ዛሬ የሚያስለካኝ ሆኖ አላገኘሁትም። ሞተሩን አጠፋችው፤ እኔም ጫማዬን ከጭቃው ውስጥ ፈልጌ አወጣሁ። ለፋጡማ አርባ ደቂቃ ውሃ አለብኝ።